የጋሼ ንጉሤ የጫማ ኪስ

እኔ ስልክ የማላነሳ ሰው አይደለሁም። ባለቤቴ ከድር "አንቺ እኮ ፊትሽን ሳሙና ተቀብተሽም ታነሻለሽ" እያለ ይስቅብኛል። ጋሼ ንጉሤ ሐሙስ ዕለት ሲደውሉልኝ ግን አላነሳሁም። ቅዳሜ ጠዋት አረፉ።

የሰማሁት ቅዳሜ ከሰዓት፣ ግሮሰሪ ውስጥ ቲማቲም እየመረጥኩ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ የኮሎምበስ ከተማ ሐበሾች ግሩፕ ላይ ፎቷቸው ወጣ፤ ከሥሩ ሻማ፣ ከሻማው ሥር ደግሞ "ነፍስ ይማር" እየተደረደረ ይወርዳል። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን ብዬ ቲማቲሙን ወደ ቦታው መለስኩ። ከዚያ የተደወለልኝን ዝርዝር ከፍቼ እዚያው ጋሪው ላይ ተደግፌ ቀረሁ። ጋሼ ንጉሤ፣ ሐሙስ፣ በቀይ።

ነርስ ነኝ። ሥራ ስገባ ስልኬን ሎከር ውስጥ ቆልፌ ነው የምገባው። ሐሙስ ስወጣ ስማቸውን አይቼዋለሁ፤ አላየሁም ብዬ አልዋሽም። ደክሞኝ ነበር። መልእክት ትተው ይሆን ብዬ ለማየት እንኳ አልሞከርኩም፤ ሐበሻ መልእክት አይተውም፤ ሚስድ ኮሉ ራሱ ነው መልእክታችን። "እሑድ እረፍት ነኝ፣ ተረጋግቼ እደውልላቸዋለሁ" ብዬ መኪናዬን አስነሳሁ። መታመማቸውን አላውቅም ነበር። ለሰላምታ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ነው ውስጤን የሚበላኝ። ተቀይመውኝ ይሆን የሄዱት? "ይቺ ልጅ ሰው ሆነችና ረሳችኝ" ብለው ይሆን? የባሰው ነገር ደግሞ ስልክ ሳያነሱ መዋልን ያስተማሩኝ ራሳቸው ጋሼ ንጉሤ ናቸው። ያንን ለማስረዳት ካርቶን ከምደረድርበት ጊዜ መጀመር አለብኝ።

ያኔ ሪከንባከር፣ የዕቃ ኤርፖርቱ አጠገብ ካሉት መጋዘኖች አንዱ ውስጥ ነበር የምሠራው። ነርሲንግ ለመግባት መጀመሪያ አናቶሚ ማለፍ ያስፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ወስጄ ወድቄያለሁ። መድገም የሚፈቀደው አንዴ ብቻ ነው። ሁለተኛ ከወደቅሽ የነርሲንግ ነገር አበቃ፣ ካርቶንሽን ደርድሪ ማለት ነው።

የጣለኝ ስልክ ነው። ግን እናንተ እንደምታስቡት አይደለም። መጋዘኑ ተጨማሪ ሺፍት የሚያወጣው በአፕ ነው። መቼ እንደሚያወጣ አንድዬ ነው የሚያውቀው። "ቲንግ" ይላል፤ ቀድሞ የነካ ይወስዳል። ሐበሻው፣ ሶማሌው፣ ኔፓሉ፣ አሜሪካዊው ሁሉ እኩል ስልኩ ላይ አፍጥጧል፤ ዓይንሽን ካሸሽ አለቀልሽ። ከድር ያኔ ገና ወደ አሜሪካ አልመጣም። እኔ ኢስትሙር ሰፈር ከአክስቴ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተዳብዬ ነው የምኖረው፤ ቋሚ ሰዓቴ ብቻውን አያኖረኝም። ስለዚህ አስተማሪው ስለ ኩላሊት ሲያወራ እኔ ጭኔ ላይ ያለውን ስልክ አያለሁ። ሲጮህ አየዋለሁ፣ ሳይጮህም አየዋለሁ። የሚገድለው ሳይጮህ የሚያዩት ነው።

ሁለተኛ ጊዜ ስወስድ የደረሰኝ አስተማሪ ሐበሻ ነው ሲሉኝ ደስም አለኝ፣ አፈርኩም። ሐበሻ ፊት መውደቅ ሌላ ነው፤ ወሬው ከውጤቱ ቀድሞ ቤት ይገባል።

በመጀመሪያው ቀን ስገባ በሩ ላይ ያ ቁምሳጥን ውስጥ የምንሰቅለው፣ ኪስ ኪስ ያለው ፕላስቲክ የጫማ ማስቀመጫ ተንጠልጥሏል። በየኪሱ ቁጥር ተለጥፎበታል። ጋሼ ንጉሤ ቦርዱ አጠገብ ቆመዋል። አጠር ያሉ፣ ቀጭን፣ ከሸሚዝና ክራቫት በላይ እጅጌ የሌለው ቡናማ ሹራብ የለበሱ። ያንን ሹራብ ቆይቼ ነው የለመድኩት፤ ሌላ ያላቸው አይመስለኝም።

"ጫማችሁን አውልቃችሁ ግቡ" አሉ በእንግሊዝኛ።

ክፍሉ በሙሉ እግሩን አየ። እሳቸው ግን የራሳቸውን ስልክ ከኪሳቸው አወጡና ቁጥር አንድ ውስጥ ከተቱት። "በእኔ አገር ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ሲገባ ጫማ በር ላይ ይወልቃል" አሉ። "ጫማ መጥፎ ነገር ሆኖ አይደለም። ስንወጣ እንፈልገዋለን። ውስጥ ግን አንፈልገውም።" ሌላ ስብከት የለም፤ ወደ ሕዋስ ገቡ።

ደሴ ውስጥ ለብዙ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ዲቪ ደርሷቸው ሲመጡ እንደ ሁላችንም ከታች ጀመሩ፤ ጋሃና የምትባለው ሰፈር ሆነው የኤርፖርት ሻትል ሲነዱ ኖረው፣ እየነዱ ተምረው ነው ወደ ሰሌዳ የተመለሱት። ቦርዱ በማርከር የሚጻፍበት ነው፤ እሳቸው ግን ጽፈው ሲጨርሱ መዳፋቸውን ሁለት ጊዜ አጨብጭበው ጠመኔ ያራግፋሉ። የሌለ ጠመኔ። ፈረንጆቹ ልጆች መጀመሪያ ይሳሳቁ ነበር፤ ወሩ ሳያልቅ እነሱም ጽፈው ሲጨርሱ እጃቸውን ማራገፍ ጀመሩ።

ስም ሲጠሩ ደግሞ "ፕረዘንት" ማለት አይበቃቸውም። ስምሽን ይጠሩና "አለሽ?" ይላሉ፤ ለሌላው በእንግሊዝኛ፣ ለእኔ በአማርኛ። "አለሁ" ስትያቸው ዓይንሽን እስኪያገኙ ይጠብቁና "ሁለመናሽ?" ይላሉ። ሁለመናዬ አለ እስክትይ ወደሚቀጥለው ስም አያልፉም።

እኔ "ሁለመናዬ አለ" እያልኩ በየቀኑ ዋሸኋቸው። ቤት መሳቢያ ውስጥ መብራት ካቆመ የቆየ ስልክ ነበረኝ። እሱን አምጥቼ ቁጥር ዘጠኝ ኪስ ውስጥ ጨመርኩት። እውነተኛው ስልኬ በሻርፔ ተሸፍኖ ጭኔ ላይ ነው። ሁለት ሳምንት እንዲህ አታለልኩ፤ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ።

የመጀመሪያው ኩዊዝ ሲመለስ ውጤቴ ከበፊቱም የባሰ ነው። ከላዩ በአማርኛ "ከክፍል በኋላ ቆዪ" የሚል ተጽፎበታል።

ሰዉ ስልክ ስልኩን እያወጣ ሄደ። ቁጥር ዘጠኝ ብቻዋን ቀረች። ጋሼ ንጉሤ ሄደው የሞተውን ስልክ አወጡ፣ በሁለት እጃቸው ይዘው መጥተው ፊቴ ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት።

"ነፍስ ይማር" አሉ።

ሳቄ መጣ፤ ፊታቸውን ሳየው ተመለሰ።

"መቼ አወቁ ጋሼ?"

"የመጀመሪያ ቀን። የሰው ሁሉ ስልክ ኪሱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ይበራል፣ ይጠፋል። ያንቺ አንዴ እንኳ አልተነፈሰም። በዚህ ዕድሜሽ ሁለት ሳምንት ሙሉ የሚደውልልሽ ሰው ጠፍቶ ቢሆን ነው እኔን የሚያስጨንቀኝ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

"ራስሽ ታወጪዋለሽ ብዬ ነዋ። እስቲ አሁን ልጠይቅሽ፤ ልብ ነው ያስተማርኩት። ምን ዓይነት ቪዲዮ ቢሆን ነው ከልብ የበለጠብሽ?"

ቪዲዮ ሲሉኝ ደሜ ፈላ። ታላቅ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን አደረግሁት። "እኔ ቪዲዮ የማይበት ጊዜ የት አለኝ ጋሼ? ሺፍት ነው የምጠብቀው!" ብዬ ስልኩን ከሻርፔ ሥር አውጥቼ አሳየኋቸው። አፑን፣ ሰዓቱን፣ ባዶውን ዝርዝር። እያሳየኋቸው እያለ ቲንግ አለ። እጄ በራሱ ሄደ፤ ግማሽ መንገድ ላይ አፍሬ ቆምኩ።

"ንኪው" አሉኝ።

ነካሁት። የለም።

"ሄደ" አልኳቸው።

ጋሼ ንጉሤ የተማሪ ወንበር ስበው ተቀመጡ። "ሌላስ? እንዲህ የሚጠብቅ ሌላ አለ?" አሉ። ታይለርን ነገርኳቸው፤ ቀይ ጢም ያለው ግዙፍ የክፍላችን ልጅ፣ እኔ የምሠራበት መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚነዳ። ስማቸውን የማላውቃቸውን ሌሎችንም ነገርኳቸው፤ ቲንግ ሲል አብረውኝ የሚነቁትን።

"እኔ እንደ ንቀት ነበር የማየው" አሉ። "ዓይናቸው ጭናቸው ላይ ሲሆን፣ ይሄ አክሰንቱ ከባድ ሽማግሌ ምን ያስተምረናል ብለው ነው እል ነበር። ቤቴ ድረስ ይዤው ነው የምሄደው። አጥፍቻለሁ።"

አስተማሪ "አጥፍቻለሁ" ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ምን እንደሚባል ስላላወቅሁ "ኧረ ምንም አይደለም" አልኳቸው፣ ጥፋተኛዋ እኔ ሆኜ እያለሁ።

በሚቀጥለው ክፍል ስንመጣ በሩ አጠገብ ትንሽ ጠረጴዛና ወንበር ተጨምሯል። ጋሼ ንጉሤ ለእያንዳንዳችን ካርድ አደሉን። "መጠበቅ የማይችል ነገር ካለህ እዚህ ላይ ጻፈው። ማን ሲደውል ነው መነካት ያለብህ?" አሉ። ካርዱ ከስልኩ ጋር ኪሱ ውስጥ ይገባል። በየቀኑ አንድ ሰው በሩ ጋ ይቀመጣል፤ ስሙ ተረኛ ነው። ሁሉም ተረኛ የሚለውን ቃል በአማርኛ እንዲል አስገደዱ። ካርዱ ላይ ያለው ሰው ከደወለ ተረኛው ተነስቶ ትከሻህን ይነካሃል፤ የሺፍት ቲንግ ከሆነ ግን እንዳያመልጥህ ራሱ ስልኩን ይነካልሃል። ካልሆነ ይንቀጠቀጥ። ተረኛው የዚያን ቀን ትምህርት በደንብ ስለማይከታተል ሌሎቻችን ኖታችንን እንሰጠዋለን።

"ሠላሳችሁም ሠላሳ ስልክ ከምትጠብቁ አንድ ሰው ይጠብቅላችሁ" አሉ። አገር ቤት ጫማ ጠባቂ እንዳለው ማለት ነው።

ካርዶቹን ተረኛ በሆንኩበት ቀን አነበብኳቸው። ስልክ ሲጠራ ማየት ግዴታዬ ነው። አንዷ "የልጄ ዴይኬር" ብላለች። ፊት የሚቀመጠው ዝምተኛ ልጅ "አባቴ፣ ኦክስጅን ላይ ነው" ብሏል። ቀኑን ሙሉ ጌም ይጫወታል ብዬ የማማው ልጅ ነበር። የታይለር ከእኔ ጋር አንድ ነው፤ ቲንግ። የእኔ "ሺፍት፣ ከማክሰኞና ከሐሙስ በስተቀር" ይላል፤ ክፍል ያለን በእነዚህ ቀናት ስለሆነ። ቁጥር አንድ ኪስ ውስጥ ያለው የጋሼ ንጉሤ ካርድ አንድ ቃል ብቻ ነው ያለበት። ሩት።

ሩት ልጃቸው ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ በአማርኛ ሲያናግሯት በእንግሊዝኛ የምትመልስ። ስለሷ አንድ ጊዜ ለክፍሉ ያወሩትን አልረሳውም። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ "ልጄ እንዴት እንደምትማር ልይ" ብለው ሳይነግሯት ከትልቁ አዳራሽ ኋላ ሄደው ተቀመጡ። ከኋላ ሆነው ሲያዩ ስክሪን በስክሪን ነው፤ አንዱ ጫማ ይገዛል፣ አንዱ ኳስ ያያል፣ ፕሮፌሰሩ ብቻቸውን ያወራሉ። የኔ ልጅ እንዲህ አታደርግም ብለው አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ሲፈልጓት፣ አቀርቅራ በሁለት አውራ ጣቷ ትጽፋለች። ተናደዱ። ወዲያው የራሳቸው ኪስ ነዘራቸው። ሲያወጡት ከሩት ነው። "ዳዲ፣ በልተሃል?" ይላል።

"አሁን ምን ልበላት?" አሉን እጃቸውን እያራገፉ። "ስልክሽን አስቀምጪ ልበላት? እኔን እኮ ነው የምታወራው። እኔ ደግሞ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ስልክ እያየሁ ነው።"

"መለሱላት?" ብሎ ጠየቀ ታይለር።

"መለስኩላታ። በልቻለሁ አልኳት። ከዚያ ቀስ ብዬ ወጣሁ።"

ተረኛ በሆንኩበት ቀን የተማርኩትን ግን ማንም ኖት አልሰጠኝም። እዚያ በር ጋ ተቀምጬ ስልኮቹ ፊቴ ይጮሃሉ፣ ይበራሉ፣ ይለምናሉ። እኔ ካርድ አያለሁ፤ የለም፤ እተወዋለሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ስንቱ ጮኸ፣ አንድም ነገር አልሆነም። ሰዉ ደግሞ ቀና ብሎ ጋሼ ንጉሤን ያያል፤ እሳቸው የልብን ቫልቭ በመዳፋቸው እየከፈቱ እየዘጉ ያሳያሉ። እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ የዚህን ያህል ፊታቸውን አይቼው አላውቅም ነበር። ደስተኛ ሰው ነበሩ ለካ። ከዚያ በኋላ አንድም ኩዊዝ ሳልወድቅ ሴሚስተሩ ሊያልቅ ደረሰ።

የመጨረሻው ፈተና ሐሙስ ነበር። ማክሰኞ ታይለር ተረኛ ሆነ። መሀል ላይ ከበሩ ጋ ቲንግ ሰማሁ፤ ዞር አላልኩም። ኮርቼ ነው ዞር ያላልኩት። ሲያልቅ ታይለር ሁለት እጁን ወደ ላይ አድርጎ እየሳቀ መጣ። "አገኘሁልሽ! ሙሉ ቀን ነው፣ በአንድ ሰከንድ ነው የቀደምኳቸው!" ስልኬን አየሁት። ሺፍቱ የሐሙስ ነው። ከጠዋቱ ሰቨን ጀምሮ።

አፑ የሚያሳየው የቀኑን ስም ሳይሆን ቁጥሩን ነው፤ ልጁ ቲንግ ሲል ደንግጦ ነካው እንጂ ምን ያድርግ። የወሰዱትን መሰረዝ የቅጣት ፖይንት ያስይዛል፤ እኔ ደግሞ ፖይንቴ ሞልቷል፤ አንድ ከተጨመረብኝ እባረራለሁ። ብሄድ ፈተናው ያመልጠኛል፣ ብቀር ሥራው። ታይለር የሆነውን ሲያውቅ ያ ግዙፍ ሰውዬ ዓይኑ እንባ ሞላ። እኔ እንኳ ማልቀሱን ለቤት አቆየሁት።

ጋሼ ንጉሤ ነገሩን ሰምተው "ስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?" ብቻ አሉኝ።

"ሰቨን።"

"ፋይቭ ፎርቲፋይቭ ላይ የመጋዘኑ ፓርኪንግ ውስጥ ጠብቂኝ። የዲፓርትመንታችንን ኃላፊ እኔ አስፈቅዳለሁ።"

ሐሙስ ጠዋት ሰማዩ ሊቀላ ሲል ያቺ አሮጌ ቶዮታቸው መጣች። የዕቃ አውሮፕላኖቹ ከላያችን እየዞሩ ያርፋሉ። ሂተሩን አሙቀው፣ ከኋላ ወንበር ደብተር ማስደገፊያ አምጥተው ፈተናውን ሰጡኝ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። ስልኬን ሰጠኋቸው። የእኔንም የሳቸውንም ይዘው ግራ ቀኝ አዩ፤ የጫማ ኪሱ የለ። ጎንበስ አሉና የቀኝ ጫማቸውን አወለቁ። ሁለቱን ስልኮች ጫማው ውስጥ ከተቱና ጫማውን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጡት። ካልሲያቸው አውራ ጣቱ ጋ ተቀዷል።

"አለሽ?" አሉኝ።

"አለሁ።"

"ሁለመናሽ?"

"ሁለመናዬ አለ ጋሼ" አልኩ። ያን ቀን አልዋሸሁም።

ፈተናውን ስሠራ እሳቸው አላነበቡም፣ ሬዲዮ አልከፈቱም፣ አላሸለቡም። በአንድ እግር ጫማ፣ በአንድ እግር ካልሲ ሆነው ወደፊት እያዩ ቁጭ አሉ። ስልካቸው ጫማው ውስጥ አንዴ ነዘረ፤ ቀና ብለው ስሙን አዩና ተዉት። ስጨርስ "መጽሐፍ እንኳ ይዘው አይመጡም? ሰለቸዎት እኮ" አልኳቸው።

"ተረኛ እኮ ነኝ" አሉ ጫማቸውን እያጠለቁ።

ቢ አገኘሁ። ውጤቱን ያየሁት የመጋዘኑ ብሬክ ሩም ውስጥ ነው፤ ታይለር ከእኔ በላይ ጮኸ። ነርሲንግ ገባሁ፣ ጨረስኩ፣ ከድር መጣ፣ ሥራ ያዝኩ። የመጀመሪያ ቀን ሥራ ስገባ ስልኬን ሎከር ውስጥ ስቆልፍ ፎቶ አንስቼ ላክሁላቸው። አይ እኔ፤ ስልኩን ቆልፌ ምኑን አነሳለሁ፤ ሎከሩን ባዶውን ቆልፌ ካነሳሁት በኋላ ነው ስልኩን የከተትኩት። እሳቸው ግን ገባቸው። "ጫማሽን አወለቅሽ" ብለው መለሱልኝ። በየበዓሉ እንደዋወል ነበር። ኋላ እየሳሳ ሄደ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሁልጊዜ እሑድ እደውላለሁ እያልኩ።

ለቅሶ የሄድኩት ሰኞ ነው፣ ጋሃና ቤታቸው። ሰው በሩን ሞልቶታል። ታይለር ሳይቀር ሱፍ ለብሶ ጥግ ላይ ቆሟል። ባለቤታቸውን እትዬ ዘነበችን አቅፌ ሳለቅስ፣ ልይዘው የፈለግሁት ነገር አመለጠኝ። "ደውለውልኝ አላነሳሁም እትዬ። ተቀይመውኝ ነው የሄዱት" አልኳቸው።

እትዬ ዘነበች ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙት። "የምን መቀየም? ሐሙስ ለታ ስልኬን ስጡኝ ብሎ ላንቺ ሲደውል ፊቱ እንዴት እንደነበር ብታይው።"

አጠገባቸው ያለችው ሩት፣ ዓይኗ አብጦ፣ በእንግሊዝኛ "ቮይስሜይል ትቶልሽ ነበር እኮ። አልሰማሽውም?" አለችኝ።

እኔ ቮይስሜይል ሰምቼ አላውቅም። ስልኬ ላይ ያለችው ቀይ ቁጥር ለዓመታት እንዳለች አለች፤ እንደ ጌጥ ነው የማያት። ወጣሁና መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ፣ የመኪና ዋስትና ሻጭ፣ የማላውቀው ሰው፤ ከመሀላቸው ጋሼ ንጉሤ። ነካሁት።

"ሄሎ። ሐያት፣ አለሽ?" ድምፃቸው ቀጥኗል። ትንሽ ቆዩ። "አላነሳሽም። እንኳን አላነሳሽ። ይሄኔ አንዱ በሽተኛ ፊት ቆመሽ ነው። ምንም ፈልጌ አይደለም የደወልኩት። ሆስፒታል ገብቼ ነው። እዚህ አንዲት ነርስ አለች፣ ልጅ ናት። ጠዋት ደም ሥሬ አልገኝ ብሏት እጄን ይዛ ስትፈልግ፣ ኪሷ ውስጥ ስልኳ ይንቀጠቀጣል። ደጋግሞ። አንዴም አላየችውም። እጄን ነው የምታየው። እኔ አላስተማርኳትም፤ ግን አንቺ መሰልሽኝ። ያን ሁሉ ዓመት እዩኝ ስል የኖርኩ ሰው፣ እንዲህ ሲያዩት እንዴት እንደሆነ አላውቀውም ነበር ለካ። ደስ ይላል። እሱን ልነግርሽ ነው። መልሰሽ ደውይ አልልሽም፣ ሥራሽን ሥሪ።"

ከዚያ ከሩቅ የሩት ድምፅ መጣ። "ዳዲ፣ ጀስት ሃንግ አፕ። ቀዩን ንካው።"

"ቆይ" አሏት። "ምናልባት አሁን ታነሳ ይሆናል።"

አልዘጉትም። ትንፋሻቸው ይሰማል፤ አንድ ቦታ ላይ ጋሪ ያልፋል፤ አልጋው ይንቋቋል። ምንም አይናገሩም፤ እየጠበቁኝ ነው። ስክሪኑ ላይ የከድር መልእክት ብቅ አለ፣ የት ደረስሽ ይላል። አልነካሁትም። ማሽኑ እስኪቆርጠው ድረስ፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ወደፊት እያየሁ ከጋሼ ንጉሤ ጋር ቁጭ አልኩ።